ስም መግጠም ዘር መግጠም ነው ወይ? ስለ አንድ ዌልሳዊ ምንጅላት የተደረገ ክርክር

የዌልስን ቤተሰቦች ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያደረጉትን ይህን ረጅም ክርክር በአማርኛ ልተርከው የወደድሁት፣ የአባታችንን ስም ከስማችን አስከትለን ለምንጠራ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ስላልሆነ ነው። የተሳታፊዎቹን ቃል እንዳለ አልጠቅስም፤ ሐሳባቸውን በምላሾቹ ተራ ቁጥር እየተከተልሁ እነግራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን (ይህን የጥያቄና የምላሽ ሰንሰለት) የከፈተው ሰው የሚፈልገው ምንጅላቱን፣ ማለትም የአያቱን አያት ነው። ምንጅላቱ ጆንስ የሚባል የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሲሆን፣ በ1881ዱ የሕዝብ ቆጠራ በደቡብ ዌልስ ሮንዳ ሸለቆ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተመዝግቧል። ዕድሜው 35፣ የትውልድ ቦታው በካርዲጋንሺር የምትገኘው የላንዲሱል አጥቢያ ነው። ጠያቂው በዚያችው አጥቢያ በ1846 የተጠመቀ፣ ስሙ ከነአባቱ ስም የሚገጥም የአንድ ገበሬ ልጅ አግኝቷል። የትውልድ ሐረጋቸውን በኢንተርኔት ያወጡ ከአርባ የማያንሱ ሰዎችም ከሰል ቆፋሪውን የዚያ እርሻ ቤት ልጅ አድርገው ጽፈውታል። ጠያቂው ዲኤንኤውን ባስመረመረ ጊዜ ደግሞ ከዚያው ቤት ከምትወለድ አንዲት ሴት ጋር 24 ሴንቲሞርጋን (ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ የሚለካበት መለኪያ ነው) እንደሚጋራ ተነግሮታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተገኘ ዝምድናው ተረጋግጧል ብሎ መጻፍ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። አነጋገሩን ላስተዋለ ሰው ግን፣ ጠያቂው የሚፈልገው መልስ ሳይሆን ምርቃት ይመስላል።

1ኛው ምላሽ እጅግ ትሑት ነበር። ጸሐፊው የጠያቂውን ትጋት ካመሰገነ በኋላ፣ የከሰል ቆፋሪው የጋብቻ የምስክር ወረቀት በእጁ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት ምዝገባ ከተጀመረበት ከሐምሌ 1 ቀን 1837 ወዲህ የተጻፈ የጋብቻ መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባት ስምና ሥራ ስለሚይዝ፣ ከጥምቀት መዝገብ ስም ለቅሞ ከማገጣጠም በፊት መታየት ያለበት እርሱ መሆኑን አስረዳ። 2ኛው ምላሽ እንኳን ደስ አለህ ከማለት በቀር የጨመረው የለም። 3ኛው ግን ቁጣ ቀረሽ ነበር፤ አርባው የትውልድ ሐረግ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ እንጂ አርባ ምስክር አለመሆኑን፣ ከአርባዎቹ አንዱ እንኳ የሰነድ ማስረጃ አለማያያዙን እየዘረዘረ ጠያቂውን ከማሳፈር አልተመለሰም። አነጋገሩ ሸካራ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ላይ የሚነቀፍ አላገኘሁበትም።

በ4ኛው ምላሽ ጠያቂው የምስክር ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ጋብቻው የተፈጸመው በ1872 ሲሆን፣ የሙሽራው አባት ጆን የተባለ ልብስ ሰፊ ነው። አርባዎቹ ሰዎች የሚያውቁት ጆን ግን በ1851ዱ ቆጠራ 90 ኤከር መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ተካረረ። በ5ኛው ምላሽ አንድ የሐረጉ ተከላካይ፣ ገበሬም ቢሆን በክረምት መርፌና ክር ሊይዝ እንደሚችል፣ መዝጋቢም እንደሚሳሳት፣ ሰውም በሃያ ዓመት ውስጥ ሥራ እንደሚለውጥ ተከራከረ። 6ኛዋ መላሽ በካርማርተን አካባቢ ያደጉና ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ አረጋዊት ናቸው። የተባለው ሁሉ ሊሆን እንደሚችል ሳይክዱ፣ ሊሆን ይችላል የተባለ ነገር ሁሉ ሆኗል ተብሎ እንዳይጻፍ አሳሰቡ። በዚያን ዘመን በምዕራብ ዌልስ ልብስ ሰፊነት ከሌላ ባለሙያ ዘንድ ተቀምጠው የሚማሩት፣ ከእርሻ ቤት ወደ እርሻ ቤት እየዞሩ የሚሠሩት ሙያ በመሆኑ፣ ያን ያህል መሬት የያዘ ገበሬ ልብስ ሰፊ ተብሎ መጻፉ ሌላ ማስረጃ እንደሚያሻው በእርጋታ ገለጹ። ከዚያ በኋላ በክሩ ውስጥ ስማቸው ሳይነሣ ያለፈ ምላሽ ጥቂት ነው።

በእኔ ግምት የክሩ ዋና ሀብት 7ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው የዌልስ ሰው በጥንቱ ልማድ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዳልነበረው፣ የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር «አፕ» ወይም «አብ» በሚል ቃል እየተያያዘ ይጠራ እንደነበር አስታወሰ። ዛሬ ፕራይስ የሚባሉት ከአፕ ሪስ፣ ፓወል የሚባሉት ከአፕ ሀወል፣ ቦወን የሚባሉት ከአብ ኦወን የመጡ ናቸው። ዌልስ በ1536 እና በ1543 በወጡት ሕጎች ከእንግሊዝ ጋር ከተዋሐደች ወዲህ ባለርስቶቹ የእንግሊዞቹን ልማድ ተከትለው ቋሚ ስም ያዙ፤ በምዕራቡ ገጠር የሚኖረው ድሃ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ ኢቫን የሚባል ሰው ልጁን ጆን ቢለው፣ ያ ልጅ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጆን ኢቫን ይባላል፤ የእርሱ ልጆች ደግሞ ጆንስ ይሆናሉ። ልማዱ በሚለወጥበት ትውልድ ውስጥ የአንድ አባትና እናት ልጆች ሆነው ታላቁ ኢቫንስ፣ ታናሹ ጆንስ ተብለው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጠያቂው መራራ ነበር፤ ከሰል ቆፋሪው በሠርጉ ቀን አባቴ ጆን ጆንስ ነው ብሎ አስጽፎ ሊሆን ይችላል፤ አባትዬው ግን በወጣትነቱ ጆንስ ተብሎ ላያውቅ ይችላል። ጆንስ የሚለውን ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን መዝገብ ገልጦ ያልፈዋል።

ይህን ሳነብ በውጭ አገር የሚኖሩትን የእኛን ሰዎች ሳላስብ አላለፍሁም። አባት በአያቱ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ተመዝግቦ፣ የውጭው ቢሮ ሁለቱን ባዕዳን የሚያደርግበትን ጣጣ የማያውቅ ስደተኛ የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ የዋሽንግተንን ወይም የለንደንን ሐበሾች ዘር የሚቆጥር ሰው ይህን የዌልሶችን ልምድ ቢያነብ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ምላሾች ከመንገድ ወጡ። አንዱ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለ ዌልስ የጻፈው ካህኑ ጄራልድ ተራው ሕዝብ ሳይቀር እስከ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ አባቶቹን በቃሉ እንደሚቆጥር መመስከሩን አንሥቶ፣ ዌልሳዊ ዘሩን አይስትም ሲል ተመጻደቀ። (ሰባት ቤት መቁጠር የእኛ ብቻ የሚመስለው አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ሌላው ለዚህ አጸፋ ኢዮሎ ሞርጋንውግን ጠቀሰ፤ በ1826 የሞተው ይህ ሊቅ ያለ ጥርጥር አዋቂ ቢሆንም፣ የጥንት ያስመሰላቸውን ጽሑፎች እየፈጠረ ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ስላስተላለፈ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። የመድረኩ አወያይ ጣልቃ ገብቶ ነገሩ ስለ ከሰል ቆፋሪው አባት መሆኑን አስታወሰ።

በ11ኛው ምላሽ አረጋዊቷ ሥራውን በሥርዓት አስያዙት። ምክራቸው፣ ይህ ሰው የእኔ ነው ብሎ ማስረጃ ከመፈለግ ይልቅ የእኔ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ሰብስቦ አንድ በአንድ ማጣራት ነው። ለዚህ መነሻው የ1851ዱ ቆጠራ ነው፤ የ1841ዱ የትውልድ አጥቢያን ስለማይጽፍና ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ሰዎች ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ስለሚያወርደው አይበቃም። ፍለጋው በላንዲሱል ብቻ እንዳይወሰንም አስጠነቀቁ። ላንዲሱል በቴይቪ ወንዝ ዳር ያለች ስትሆን ወንዙን የተሻገረ ሰው ካርማርተንሺር ገባ ማለት ነው፤ እዚያ ማዶ ላንጌለርና ላንቪሃንገል አር አርዝ የሚባሉ አጥቢያዎች አሉ። ከማዶ የተወለደ ሰው ሮንዳ ደርሶ ከየት መጣህ ሲባል በአቅራቢያው የምትታወቀውን ቦታ ቢጠራ የሚያስገርም አይደለም። በ1851 ነዋሪዎቹ ከ1,000 በታች የነበሩት ሮንዳ በ1911 ከ150,000 በላይ ሰው የሞላበት በእንዲህ ዓይነቱ ፈላሽ ነው፤ ከቤት ቤት ለሚዞረው መዝጋቢም የካርዲጋንሺር ገጠር ስሞች ከጆሮው አልፈው ይሄዱ ነበር።

12ኛውና 13ኛው ምላሽ ስለ ልደት ምዝገባ ነበሩ፤ አንደኛው የጎደለውን ሌላው ሞላው። ቀድሞ የነበረው የምዝገባ ማውጫ እናት ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም የሚሰጠው ከ1911 አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ በኋላ ያዘጋጀው ማውጫ ግን ከ1837 ጀምሮ ያሉትን ልደቶች በእናት ስም ጭምር ለመፈለግ ያስችላል። የሚያስቸግረው እናትየዋም ጆንስ የመሆኗ ነገር ነው፤ በዚያ አገር ጆንስ ጆንስን ማግባቱ እንግዳ አይደለም። በዚያ ላይ የ1874ቱ ሕግ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ልጁን ሳያስመዘግብ የቀረ ወላጅ እምብዛም ስለማይጠየቅ፣ በማውጫው ውስጥ ያልተገኘ ልጅ አልተወለደም ማለት አይቻልም። ቤተሰቡ የጸሎት ቤት ሰው፣ ማለትም ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚያመልክ ከሆነ ጥምቀቱም በአንግሊካን ደብር መዝገብ ላይ አይኖርም፤ ካልቪናውያን ሜቶዲስቶችና ባፕቲስቶች የየራሳቸውን መዝገብ ነበራቸው፤ ባፕቲስቶቹ ደግሞ ሕፃን አያጠምቁም።

ጠያቂው በ14ኛው ምላሽ የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ምርቃት መፈለጉን ትቶ ሠርቷል። በወንዙ ግራና ቀኝ ባሉት አጥቢያዎች ዕድሜያቸው የሚቀራረብ አምስት ሞክሼዎች አግኝቶ ከቆጠራ ወደ ቆጠራ ተከታተላቸው። ሁለቱ በልጅነታቸው ሞተዋል። ሦስተኛው የጫማ ሰፊ ልጅ ሲሆን፣ መርተር ቲድቪል ወርዶ በብረት ማቅለጫው ሠርቶ እዚያው ማግባቱ ከነአባቱ ሥራ ተመዝግቧል። አራተኛው አርባዎቹ ሰዎች ምንጅላታችን የሚሉት የገበሬው ልጅ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከሰል ቆፋሪው በሮንዳ በተቆጠረበት በዚያው በ1881 በላንዲሱል በአባቱ እርሻ ላይ ከሚስቱ ጋር ተቆጥሯል። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በሁለት ቤት አያድርም። የቀረው አምስተኛው የላንጌለር ልብስ ሰፊ ልጅ ነው።

15ኛው ምላሽ ከዚያው ከ5ኛው ሐረግ ተከላካይ የመጣ ሲሆን፣ ዲኤንኤው ከእርሻ ቤቱ ጋር ያገናኛልና ወረቀቱ ቢሳሳት ደም አይሳሳትም የሚል ነበር። ይህ አባባል በየመድረኩ እየተደጋገመ የሚያስቸግር ስለሆነ የ16ኛውን መልስ በደንብ ልተርከው እፈልጋለሁ። ደም አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ተርጓሚው ነው። 24 ሴንቲሞርጋን ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ የሩቅ አባት ወይም እናት አሏቸው ከማለት አልፎ በየትኛው መስመር እንደሚገናኙ አይናገርም። የቴይቪ ሸለቆ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ሲጋቡ በመኖራቸው፣ ከዚያ አገር የወጣ ሰው ሁሉ ከሌላው ጋር በሁለትና በሦስት በኩል ሊዛመድ ይችላል። የአባት መስመር ብቻ የሚከተለው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራም ቢሆን፣ የቤተሰብ ስም ከተተከለ ገና ጥቂት ትውልድ በሆነበት አገር ጆንስን ከጆንስ አያገናኝም፤ ሁለት ጎረቤታሞች ጆንሶች አንድ የሚያደርጋቸው ጆን የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ብቻ ሊሆን ይችላልና። ጸሐፊው የሚጠቅመውንም መንገድ አሳየ፤ ጠያቂው በሕይወት ያለች አክስት ካለችው እርሷን ያስመርምር። እንጅላታቸው (የምንጅላታቸው ወላጅ) አንድ ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ የሚታይ ዲኤንኤ አይጋሩም፤ ምንጅላታቸው አንድ ከሆነ ግን ምንም ሳይጋሩ የሚቀሩት ከአሥር አንድ ያህሉ ናቸው። በአንድ ትውልድ ወደ ላይ የቀረበ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ትልቅ ዋጋ አለው።

17ኛውና 18ኛው ምላሽ ስለ ምርመራ ኩባንያዎች ዋጋ ተነታረኩ፤ እዘለዋለሁ።

19ኛው ምላሽ ፎቶግራፍ ነበር። በሮንዳ የሚኖር አንድ በጎ ፈቃደኛ ከሰል ቆፋሪው በተቀበረበት የጸሎት ቤት ግቢ ሄዶ፣ ሐረግ የወረሰውን ጠፍጣፋ ጥቁር የመቃብር ድንጋይ አግኝቶ ነበር። ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ አልፈተገውም፤ ሐረጉን በእጁ ገለል አድርጎ፣ ፀሐይ ከጎን እስክትመታው ጠብቆ ፎቶ ሲያነሣው ፊት ለፊት የማይነበቡት ፊደሎች በጥላቸው ጎልተው ወጡ። ጽሑፉ በዌልስኛ ሲሆን የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀን፣ ቀድሞ የላንጌለር ሰው መሆኑን ይናገራል። የሚስቱ ስም ከሥር የተቀረጸው በአባቷ ቤት ስም ነው፤ የባሏን ስም ብቻ ይዞ የሚፈልጋት ሰው እዚህም አያገኛትም ነበር።

ድንጋዩ ብዙዎችን ቢያስደስትም አረጋዊቷን አላጠገባቸውም። በ20ኛው ምላሽ፣ የመቃብር ጽሑፍ የሚያስቀርጹት ልጆች እንደሆኑ፣ ልጆችም የሚያውቁት የተነገራቸውን እንደሆነ አስታውሰው፣ ከሰል ቆፋሪው ሳያገባ በ1871 ከማን ቤት እንደነበረ ጠየቁ። ጠያቂው ያንን ቆጠራ አላየውም ነበር፤ ምክንያቱም በ1881ዱ ረክቶ ተቀምጧል። በ22ኛው ምላሽ ውጤቱን አመጣ። ምንጅላቱ በሮንዳ በአንድ ከሰል ቆፋሪ ቤት የሚስት ወንድም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሚስትየዋ የላንጌለር ተወላጅ ስትሆን የጋብቻ መዝገቧ አባቷን ጆን፣ ልብስ ሰፊ ይለዋል። ለእኔ ጉዳዩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ወንድምና እህት ያገናኘው መዝገብ ዘር ለመቁጠር የተጻፈ አይደለም፤ ቤት ለቤት የሚዞር መዝጋቢ ሳያስበው የተወው ቃል ስለሆነ ይበልጥ ይታመናል።

ከ23ኛው እስከ 26ኛው ድረስ ምስጋናና የእያንዳንዱ የራሱ ታሪክ ነው። 27ኛው ምላሽ ግን የክሩ ኃይለኛ ምላሽ ሆነ። ከአርባዎቹ የሐረግ ባለቤቶች አንዷ፣ ሐረጓን እንድታርም ከጠያቂው መልእክት ደርሷት ኖሮ፣ ቤተሰቡ ከዚያ እርሻ መውጣቱን ከአያቷ አፍ መስማቷን፣ ከኮምፒውተር ጀርባ የተቀመጠ ሰው የአያቷን ቃል ሊሽር እንደማይችል ጽፋ መድረኩን ወቀሰች። 28ኛው በቁጣ መለሰላት፤ 29ኛው አፌዘባት። ይህ ፌዝ አላስፈላጊም አስነዋሪም ነበር፤ የአያትን ቃል አጥብቆ መያዝ ነውር አይደለም።

አረጋዊቷ በ30ኛው ምላሽ ሴትዮዋን በአክብሮት ከተቀበሉ በኋላ፣ የአያቷ ቃል ከነሰነዱ ሊስማማ የሚችልበትን መንገድ አሳዩ። በዌልስ ልጆች በአያቶቻቸው ስም መጠራታቸው የተለመደ ነው፤ የእናትየው አባት ስምም ይወጣል። የልብስ ሰፊው ሚስት የዚያ እርሻ ቤት ልጅ፣ የገበሬው እህት ብትሆን ኖሮ፣ የሁለቱ ቤት ልጆች በአንድ አያት ስም ተጠርተው ሞክሼ መሆናቸው፣ ቤተሰቡ ከእርሻው ወጣ መባሉ፣ ዲኤንኤውም በጥቂቱ መግጠሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈታሉ። ይህ ግን ገና ግምት መሆኑን ደጋግመው አሳሰቡ። ከ1858 በፊት በዌልስ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች የጸደቁት ኑዛዜዎች አበሪስትዊዝ በሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው በኢንተርኔት በነፃ ስለሚታዩ፣ የሽማግሌው፣ ማለትም የገበሬው አባት፣ ኑዛዜ እንዲፈለግ ለጠያቂው ነገሩት።

ኑዛዜው ተገኘ። በ32ኛው ምላሽ ጠያቂው እንደገለጸው፣ በ1849 የጸደቀ ሲሆን እርሻውን ለልጁ ለጆን ያወርሳል፤ ለሦስት ሴቶች ልጆቹም ገንዘብ ያወርሳል፤ ስማቸው ግን ያለ ባሎቻቸው ስም ነው የተጻፈው። ከሦስቱ አንዷ ማርጋሬት ትባላለች፤ የልብስ ሰፊው ሚስትም እንዲሁ። ማርጋሬት በዚያ ዘመን በየቤቱ ያለ ስም ነው። ጠያቂው ልብስ ሰፊውን የከሰል ቆፋሪው አባት አድርጎ መዝግቦ፣ ከእርሻው ጋር ያለውን መስመር ግን የሚመስል እንጂ ያልተረጋገጠ ብሎ ጻፈ፤ የ27ኛዋን ሴትዮም ይቅርታ ጠየቀ።

የመጨረሻው 33ኛው ምላሽ የ7ኛው ጸሐፊ ነው። የልብስ ሰፊው የመጀመሪያ ልጅ በ1838 ከተወለደች ጋብቻው ከ1837 ምዝገባ በፊት ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ በ1753 በወጣው ሕግ መሠረት የጸሎት ቤት ሰውም ቢሆን የሚያገባው በአንግሊካን ደብር ነበር። መዝገቡ የአባቶችን ስም አይይዝም፤ የሙሽሮቹን አጥቢያና ቢያንስ የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ግን ይይዛል። ስለዚህ ጠያቂው የላንዲሱልንም የላንጌለርንም መዝገብ ጆንስ በሚለውም ኢቫን በሚለውም ስም እንዲፈትሽ፣ ከምስክሮቹ መካከል የእርሻው ወራሽ ጆን ከፈረመ የፊርማውን ቅርጽ እርሱ ራሱ ሲያገባ ከፈረመው ጋር እንዲያስተያይ መክሮታል። ጠያቂው የደብሩን መዝገብ ቅጂ ማዘዙን ከምላሹ ሥር አስፍሯል።